ሪጅን በኬብል አይወሰንም፦ የኤምኤስቲ ሪጅን እንዴት ይሠራል?



ከመካከላችን ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ወይም ኤሌክትሪካል የሚያጠኑ ብዙ ናቸው። ለልምምድ ሲወጡ ደግሞ ብዙዎቹ የሚመደቡት እዚሁ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው፤ ባንኮች፣ የቴሌኮም ቢሮዎች፣ አየር መንገዱ፣ ጎሮ አካባቢ ያለው አይሲቲ ፓርክ። እዚያ ሲደርሱ ክፍል ውስጥ በአንድ ገጽ ታይቶ ያለፈ ርዕስ በየቀኑ ያጋጥማቸዋል። ስሙ መልቲፕል ስፓኒንግ ትሪ፣ ባጭሩ ኤምኤስቲ ነው። ከኤምኤስቲ ውስጥ ደግሞ ተማሪን የሚያደናግረው ሪጅን የሚባለው ነገር ነው። ዛሬ እሱን ረጋ ብለን እናያለን። ትምህርቱ ሌላ የሆነም ቢሆን ቢያነበው አይጎዳም፤ በምዝገባ ቀን ሲስተም የለም ተብሎ ሲመለስ ከኋላው ምን ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

ችግሩ ከየት ይነሳል?

አንድ ስዊች ለሌላው በአንድ ኬብል ብቻ ከተገናኘ፣ ያ ኬብል ሲበጠስ ሕንፃው በሙሉ ከኔትዎርክ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ኬብል እንዘረጋለን። ሁለተኛው ኬብል ግን አዲስ አደጋ ይዞ ይመጣል። የኢተርኔት ፍሬም በአይፒ ፓኬት ላይ እንዳለው ያለ የዕድሜ ቆጣሪ የለውም። ለሁሉም የተላከ አንድ ብሮድካስት ፍሬም ክብ መንገድ ካገኘ ሳያቆም ይዞራል፤ በየዙሩም ይባዛል። በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ይሞላል፣ የስዊቹ ፕሮሰሰር ይታፈናል፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህ ሉፕ ይባላል።

መፍትሔውን በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት እየተለዋወጡ ከመካከላቸው አንዱን ሩት ብለው ይመርጣሉ፤ እያንዳንዱም ወደ ሩቱ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ይይዛል፤ ትርፍ የሆነው መንገድ ይዘጋል። ኬብሉ አይነቀልም፤ ፖርቱ ብቻ ዝም ይላል። ዋናው መንገድ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። ይህ ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ በ1990 802.1ዲ በሚለው ደረጃ ውስጥ ገባ። ፈጣኑ ዝርያው 802.1ደብሊዩ ደግሞ በ2001 ወጣ።

ጉዳዩ የፈተና ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሳ። በኅዳር ወር 2002 (እ.ኤ.አ.) በቦስተን ከተማ የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትዎርኩ በስፓኒንግ ትሪ ችግር ለቀናት ተናጋ። ኔትዎርኩ ለዓመታት ሲቀጣጠል ኖሮ ስፓኒንግ ትሪ ከሚችለው ስፋት በላይ አድጎ ነበር። ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የምርመራ ውጤት በእጅ እየተያዘ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄድ ነበር። ማዕከሉ የደረሰበትን ሳይደብቅ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በይፋ ተናገረ። ኔትዎርክ የሚያስተዳድር ሰው የሌሎችን አማና ይዟል የምንለው ለዚህ ነው።

ለምን አንድ ትሪ አይበቃም? ለምንስ መቶ ትሪ በዛ?

አንድ የምሳሌ ግቢ እንውሰድ። ሁለት ዋና ስዊቾች አሉ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ሁለቱ እርስ በርስ ተገናኝተዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ስዊች ሐ ከሁለቱም ጋር አንድ አንድ ኬብል አለው። ግቢው በስድስት ቪላን ተከፋፍሏል፦ 10 ሬጅስትራር፣ 20 ፋይናንስ፣ 30 ቤተ መጻሕፍት፣ 40 የተማሪ ዋይፋይ፣ 50 ላብ፣ 60 ካሜራ።

ለሁሉም ቪላን አንድ ትሪ ብቻ ካለ፣ ከሐ የሚወጡት ሁለት ኬብሎች አንዱ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ብር የወጣበት ኬብል ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ክፍት የሆነው ደግሞ በዋይፋይ ጭነት ይጨነቃል።

ሲስኮ ያመጣው መንገድ ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱን ትሪ መስጠት ነው፤ ፒቪኤስቲ ይባላል። ለስድስት ቪላን ጥሩ ነው። ቪላኑ 200 ሲሆን ግን 200 ትሪ ማስላት ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ትረንክ ላይም በየሁለት ሰከንዱ 200 ቢፒዲዩ ይወጣል። ነገር ግን ሁለት ኬብል ብቻ ላለው ስዊች ሊኖሩ የሚችሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ በሀ ወይ በለ። ለሁለት መንገድ 200 ስሌት ማባከን ነው።

ኤምኤስቲ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ደረጃው 802.1ኤስ ተብሎ በ2002 ጸደቀ፤ በኋላ ወደ 802.1ኪው ተጠቃለለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ቪላኖችን በአንድ ቡድን አስገባ፤ ለቡድኑ አንድ ትሪ ስጠው። ቡድኑ ኢንስታንስ ይባላል። በምሳሌያችን 10፣ 20 እና 30ን በኢንስታንስ 1፣ 40፣ 50 እና 60ን በኢንስታንስ 2 እናስገባ። ለኢንስታንስ 1 ሀን ሩት፣ ለኢንስታንስ 2 ለን ሩት እናድርግ። አሁን ከሐ ወደ ሀ የሚሄደው ኬብል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቪላኖች ክፍት ነው፤ ወደ ለ የሚሄደው ለቀሩት ሦስት። ሁለቱም ይሠራሉ። አንዱ ቢበጠስ ሁሉም ወደ ሌላው ይዞራል። ስድስት ቪላን፣ ሁለት ስሌት።

ሪጅን ማለት ታዲያ ምንድን ነው?

ይህ አሠራር አንድ ነገር ይጠይቃል። ቪላን 40 የትኛው ኢንስታንስ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ስዊቾች አንድ ዓይነት መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ሀ 40ን በኢንስታንስ 2፣ ሐ ደግሞ በኢንስታንስ 1 ካስገቡት፣ አንዱ የዘጋ ሲመስለው ሌላው ከፍቶ ሉፕ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ስዊቾቹ ከመተማመናቸው በፊት ተመሳሳይ ሰንጠረዥ መያዛቸውን ያረጋግጣሉ። የተስማሙት በአንድ ላይ ሪጅን ይሆናሉ።

ስምምነቱ በሦስት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛ፣ የሪጅኑ ስም። እስከ 32 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታም ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ የክለሳ ቁጥር። ከ0 እስከ 65535 ያለ ቁጥር ነው። ሰንጠረዡን ስትቀይሩ በራሱ አይጨምርም፤ ቁጥሩን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ የትኛው ቪላን በየትኛው ኢንስታንስ እንዳለ የሚገልጸው ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ ለ4096 ቁጥሮች ቦታ አለው፤ ያልተመደበ ቪላን በሙሉ ኢንስታንስ 0 ውስጥ ይወድቃል።

ሰንጠረዡ ትልቅ ስለሆነ በየሁለት ሰከንዱ በሙሉ አይላክም። ስዊቹ ከሰንጠረዡ 16 ባይት የሆነ ማጠቃለያ ያሰላል፤ ዳይጀስት ይባላል። በቢፒዲዩ የሚሄደው ስሙ፣ የክለሳ ቁጥሩና ይህ ዳይጀስት ነው። ጎረቤቱ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ሦስቱም ከገጠሙ ያው ሪጅን ነው። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ ሌላ ሪጅን ነው። መካከለኛ መልስ የለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው። ሪጅን ሲባል ሕንፃ ወይም ካምፓስ ወይም በኬብል የተያያዘ አካባቢ ይመስላል። አይደለም። የከተማችንን ነገር አስቡት። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲመሠረት፣ አያት ወይም ቦሌ አራብሳ ያለ ሰው ቤቱ አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም፤ ጎረቤቱም መንገዱም ያው ነው። የተለወጠው መዝገቡ ነው። የስዊችም ነገር እንዲሁ ነው። ኬብሉን ሳትነኩ የክለሳ ቁጥሩን ከ2 ወደ 3 ብትቀይሩ ያ ስዊች በዚያው ቅጽበት ከጎረቤቶቹ ሪጅን ወጥቶ ብቻውን ሌላ ሪጅን ይሆናል።

በሪጅን ውስጥ

በሪጅን ውስጥ ኢንስታንስ 0 ልዩ ቦታ አለው። የውስጥ ስፓኒንግ ትሪ፣ ባጭሩ አይኤስቲ ይባላል፤ ሊጠፋ አይችልም። በፖርት ላይ የሚወጣው ቢፒዲዩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአይኤስቲ ነው። የሌሎቹ ኢንስታንሶች መረጃ እያንዳንዱ በ16 ባይት በዚያው መልእክት ጀርባ ታዝሎ ይሄዳል። ደረጃው ከኢንስታንስ 0 ሌላ እስከ 64 ኢንስታንስ ይፈቅዳል፤ ዕቃው የሚችለው ግን ከዚያ ሊያንስ ስለሚችል መመሪያውን ማየት ነው።

ሌላ ልዩነትም አለ። በድሮው ስፓኒንግ ትሪ የመልእክቱ ዕድሜ በየስዊቹ ይጨምራል፤ ገደቡን ሲያልፍ ይጣላል። በሪጅን ውስጥ ግን ይህ ዕድሜ አይነካም፤ በምትኩ ከ20 ጀምሮ በየስዊቹ አንድ እየቀነሰ የሚሄድ ቆጣሪ አለ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሪጅኑ በሙሉ፣ አሥር ስዊች ቢኖረውም፣ እንደ አንድ ስዊች ይቆጠራል። ሰፊ ኔትዎርክ በሪጅን ሲከፋፈል ከውጭ ጠባብ ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

በድንበር ላይ

ሁለት ሪጅኖች የሚገናኙበት ፖርት የድንበር ፖርት ይባላል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ስዊች የእኛን ኢንስታንስ 1 እና 2 አያውቅም፤ ሰንጠረዡ ሌላ ነው። ስለዚህ ድንበር ላይ የሚናገረው ኢንስታንስ 0 ብቻ ነው። ኢንስታንስ 0 ፖርቱን ከከፈተ ለሁሉም ቪላን ተከፍቷል፤ ከዘጋው ለሁሉም ተዘግቷል። የቀሩት ኢንስታንሶች የኢንስታንስ 0ን ውሳኔ ይከተላሉ። ሪጅኖችን ሁሉ አያይዞ መላውን ኔትዎርክ ከሉፕ የሚጠብቀው ትሪ ሲአይኤስቲ ይባላል፤ የሪጅኑ አይኤስቲ የዚህ ትልቅ ትሪ አካል ነው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። አዲስ የዶርም ሕንፃ ተሠራ፤ ስዊቹ መ ከሀም ከለም ጋር ተገናኘ። ያዋቀረው ሰው ስሙንና ሰንጠረዡን በትክክል አስገባ፤ የክለሳ ቁጥሩን ግን 2 ማለት ሲገባው 1 አለ። ምን ይሆናል?

ሉፕ አይፈጠርም። ኢንተርኔት አይቋረጥም። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ነገር ግን መ የብቻው ሪጅን ስለሆነ ሁለቱም ኬብሎቹ ድንበር ላይ ናቸው። ሀ የመላው ኔትዎርክ ሩት ከሆነ፣ ከመ ወደ ሀ የሚሄደው ይከፈታል፤ ወደ ለ የሚሄደው ለስድስቱም ቪላን ይዘጋል። የዶርሙ ዋይፋይ፣ ላቡ፣ ካሜራው በአንድ ኬብል ይጨናነቃሉ። ቅሬታው ኔቱ ማታ ማታ ይንቀራፈፋል የሚል ይሆናል። ሰው ባንድዊድዝ ይግዛልን ይላል፤ አንዳንዱ ራውተሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አንድ አሃዝ ነው። ኤምኤስቲ ሲጠራጠር የሚመርጠው ደኅንነትን ስለሆነ፣ የሪጅን ስህተት ብዙ ጊዜ ጮኾ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ግማሹን አቅም ይወስዳል።

ሌላው የተረሳ ነገር ራሱ ኢንስታንስ 0 ነው። ለኢንስታንስ 1 እና 2 ሩት መርጠን ለ0 ካልመረጥን ሁሉም ስዊች በነባሪው ቅድሚያ፣ 32768፣ ይወዳደራል። እኩል ሲሆኑ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ማክ አድራሻ ያለው ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያረጀው ስዊች ነው። ከድንበር ውጭ ያለ አሮጌ ስዊች የመላው ኔትዎርክ ሩት ከሆነ፣ የእኛ ሪጅን እንደ አንድ ስዊች ተቆጥሮ ወደ እሱ የሚወስድ አንድ ፖርት ብቻ ይመረጥለታል። ያ ፖርት ለሁሉም ኢንስታንሶች የውጭ በር ይሆናል፤ ስሙም ማስተር ፖርት ነው። ወደዚያው የሚወስዱ ሌሎች የድንበር ፖርቶች ይዘጋሉ። ስለዚህ የኢንስታንስ 0ን ሩትም ሆን ብላችሁ ከዋናዎቹ ስዊቾች በአንዱ ላይ አስቀምጡ።

ሪጅን ትክክል ሆኖም የሚመጣ ስህተት

በአንድ ኢንስታንስ ያሉ ቪላኖች አንድ መንገድ ይጋራሉ። ይህን የዘነጋ ሰው ከሐ ወደ ሀ በሚሄደው ትረንክ ላይ ቪላን 10ን ብቻ፣ ወደ ለ በሚሄደው ላይ ቪላን 20ን ብቻ ቢፈቅድ፣ ጭነቱን ያካፈለ ይመስለዋል። ሁለቱም ግን በኢንስታንስ 1 ናቸው። ኢንስታንስ 1 ደግሞ ወደ ለ የሚሄደውን ዘግቷል። ቪላን 20 የተፈቀደለት በተዘጋው ኬብል ብቻ ስለሆነ ፋይናንስ ከኔትዎርክ ይወጣል። መድኃኒቱ በአንድ ኢንስታንስ ያሉ ቪላኖችን በሁሉም ትረንኮች ላይ አብሮ መፍቀድ ነው። የተለየ መንገድ ለሚፈልግ ቪላን የተለየ ኢንስታንስ ስጡት።

ከሥራ በፊት የሚያዙ ነጥቦች

አንድ፣ ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩ። ገና ያልተፈጠረ ቪላንም ሊመደብ ይችላል። ለምሳሌ ከ2 እስከ 499 ያሉትን በኢንስታንስ 1፣ ከ500 እስከ 999 ያሉትን በኢንስታንስ 2 ብትመድቡ፣ ነገ ቪላን 70 ሲፈጠር ሰንጠረዡን መንካት አያስፈልግም። አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ከሄዳችሁ ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ዳይጀስቱ ይለወጣል፤ ሁሉም ስዊች እስኪስተካከል ድረስ ሪጅኑ ይቆራረጣል።

ሁለት፣ ሰንጠረዡን መቀየር ግድ ከሆነ ተማሪ በማይመዘገብበት፣ ፈተና በሌለበት ሰዓት አድርጉት። ከሁሉም ስዊች ላይ እስኪያልቅ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ሦስት፣ በዓይን አትመኑ። በሲስኮ ዕቃ ላይ ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ኤምኤስቲ ኮንፊገሬሽን ዳይጀስት የሚለው ትእዛዝ ማጠቃለያውን ያሳያል፤ ከሁለት ስዊቾች ያገኛችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አነጻጽሩ። ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ኤምኤስቲ በሚለው ውስጥ ደግሞ በሪጅኑ መካከል ባለ ፖርት ላይ የድንበር ምልክት ካያችሁ ጎረቤቱ አልተስማማም ማለት ነው።

አራት፣ ያለ በቂ ምክንያት ብዙ ሪጅን አትፍጠሩ። ለአንድ ግቢ ብዙ ጊዜ አንድ ሪጅን ይበቃል። ሁለተኛ ሪጅን የሚያስፈልገው ኔትዎርኩ በጣም ሲሰፋ ወይም የሌላ መሥሪያ ቤት ኔትዎርክ ሲያያዝና ሰንጠረዡን የሚወስነው ሌላ አካል ሲሆን ነው።

አምስት፣ የዕቃውን ዓይነት እወቁ። በመንግሥት ተቋም ግዢ በጨረታ ስለሚካሄድ አንድ ግቢ ውስጥ የሁለት ሦስት አምራቾች ስዊች ማግኘት የተለመደ ነው። ፒቪኤስቲ የሲስኮ ነው፤ ኤምኤስቲ ግን የሁሉም ደረጃ ነው። የተለያየ ዕቃ በአንድ ትሪ አስማምቶ ለማሠራት ተመራጩ እሱ ነው።

ይህን አንብቦ ማለፍ አይበቃም። ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡና በላብ ወይም በጂኤንኤስ3 ላይ ሦስት ስዊች በሦስት ማዕዘን አገናኙ፤ ሁለት ኢንስታንስ ሥሩ፤ ሁለቱም ኬብሎች መሥራታቸውን እዩ። ከዚያ በአንዱ ስዊች ላይ ከሪጅኑ ስም አንድ ፊደል ቀይሩና የትኛው ፖርት እንደተዘጋ፣ ለየትኞቹ ቪላኖች እንደተዘጋ ጻፉ። የጻፋችሁትን ከላይ ከተባለው ጋር አስተያዩ። በልምምድ ቦታ ኔቱ ይንቀራፈፋል ሲባል ሌላው ባንድዊድዝ ሲያስብ እናንተ መጀመሪያ ሦስቱን ነገሮች፣ ስሙን፣ የክለሳ ቁጥሩንና ዳይጀስቱን፣ ታያላችሁ፤ ኢንሻአላህ።